ሰልፍ የሚያውቁ በሬዎች

ሃምሳ አለቃው ከውትድርና ሲመለስ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ጠመንጃ የያዘ እጅ እርፍ ሲይዝ እንዴት እንደሚሆን ለማየት የመንደሩ ሰው እኩሌታው ማሳው ዳር ቆመ። ትልሙ ወዲያና ወዲህ ሲጣመም ጊዜ ሳቁ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው የአጥር ጎረቤቱ ነው፤ ይህ ሰው ፊቱ ለመኮሳተር ስላልተፈጠረ ሳቂታው ይሉታል። ሃምሳ አለቃው ቂሙን ያዘ።

ደግሞ ቂሙ በትልሙ ብቻ አልነበረም። አገሩ ሲገባ እናቱ ከሞተች አራት ወር ሆኗት ነበር። ጓዙን በትከሻው አንጠልጥሎ የተቆለፈ በር ፊት ሲቆም ደጅ ወጥቶ እንኳን ደህና መጣህ ያለው ሰው የለም። እውነቱን ለመናገር መምጣቱን ለማንም አላስታወቀም፤ ቅሬታ ግን ምስክር ጠርቶ አያውቅም። "ደሜን ያፈሰስኩለት ሰው ይህ ነው" አለ በሆዱ፤ ከዚያ ወዲህ ከማንም ጋር ሰላምታ እንጂ ወሬ አልነበረውም። አያበድርም፣ አይበደርም። ቀንበሩን የነካ ሰው እንኳ በዓይኑ ይገረፋል።

ሁለት ወይፈን ሲገዛም እንደ ሌላው ገበሬ በፉጨትና በማባበል አላሠለጠናቸውም። በሚያውቀው ቋንቋ አስተማራቸው። ቀንበር ሲጭንባቸው "ተጠንቀቅ" ይላል፤ ጆሯቸውን ያቆማሉ። "ወደፊት ሂድ" ሲል ይስባሉ፤ ትልሙ ጫፍ ሲደርሱ "ቀኝ ዙር" ይላቸዋል። ቀትር ላይ "አሳርፍ" ካላለ ሣር ቢቀርብላቸውም አይቀምሱም ይባላል፤ ይህቺ እንኳ የሳቂታው ጭማሪ ሳትሆን አትቀርም። አንደኛውን በሬ አስር አለቃ፣ ሁለተኛውን ምልምል ብሎ ሰየማቸው። ምልምል ሰባት ዓመት ሙሉ አርሶ ማዕረግ አላገኘም። መንደሩ ሲስቅ ከረመ፤ የሃምሳ አለቃው ትልም ግን እየዋለ እያደረ በገመድ የተለካ መሰለ።

እንዲህ አግብቶና ወልዶ ሲኖር አንድ ዓመት ዝናቡ ሊገባ ሲል የሚያፈስ ጣሪያ ሊጠግን ወጣና ከነመዶሻው ወረደ። የጤና ጣቢያው ሐኪም እግሩን እስከ ጉልበቱ በጀሶ አስሮ "ሁለት ወር መሬት እንዳትረግጥበት" አለው። ዝናቡ የእሱን እግር አልጠበቀም፤ በሦስተኛው ቀን ገባ። ዘሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ አፈር ካላገኘ ለእሱም፣ ለሚስቱም፣ ለሁለት ሴት ልጆቹም የዓመት ቀለብ የለም። እሱ ጣሪያውን እያየ ይቆጥራል፤ አሥራ ሦስት ቀን፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አንድ።

"ሰው ልለምን" አለች ሚስቱ።

"አንቺ ሴት፣ በዚህ ቤት ልመና የለም።"

"ኩራት እራት ነው ይላሉ፤ ዘር ሲዘራ ግን አላየሁም" አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ተነስቶ እንዳያስቀራት እግሩ አልጋው ላይ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሳቂታው አምስት ሰዎች አስከትሎ መጣ። የየራሳቸው በሬ የየራሳቸው ማሳ ላይ ስለነበር የመጡት ባዶ እጃቸውን ነው። ሃምሳ አለቃው በመስኮቱ ማሳውን አያይም፤ ይሰማል እንጂ። መጀመሪያ ፉጨት ሰማ፣ ቀጥሎ ማባበል፣ ቀጥሎ ልምምጥ፣ በመጨረሻ እርግማን። የበሬ ኮቴ ግን አንዴም አልተሰማም። ጅራፍ ሲጮህ አልጋው ላይ ቁጭ አለ።

ሳቂታው ጭንቅላቱን በመስኮቱ አስገባ። "ሃምሳ አለቃ፣ ወታደሮችህ አምፀዋል።"

ሃምሳ አለቃውን ሲስቅበት ለኖረ ሰው ያንን የሰልፍ ትእዛዝ በገዛ አፉ ማስጠናት ሞት ሞት አለው። ግን አሥር ቀን ነው የቀረው።

"ተጠንቀቅ፣ ቀጥሎ ወደፊት ሂድ በላቸው" አለ ወደ ግድግዳው ዞሮ። "ከሆድህ አውጥተህ። የሚለማመጣቸውን ሰው ይንቃሉ።"

ሳቂታው ሄዶ ጮኸ። በሬዎቹ ሳቡ። ከዚያ ወዲያ አራት ቀን ሙሉ ያ ማሳ የጦር ሰፈር ሆኖ ዋለ። ስድስቱ ጎልማሶች እየተቀያየሩ ያዛሉ፤ ግራ ዙር ለማለት ቀኝ ዙር ያለው አናጢ ከነበሬዎቹ አጥር ጥሶ የሃምሳ አለቃው ሚስት ጎመን ላይ ቆመ። ሃምሳ አለቃውም አልጋው ላይ ሆኖ በስንት ዓመቱ ሳቀ። በአራተኛው ቀን ስንዴው ተዘርቶ አለቀ።

ማታውን ሳቂታው ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከመጮኽ ብዛት ድምፁ ሻክሯል። ሃምሳ አለቃው ማመስገን ፈልጎ አፉ እምቢ አለውና "ስንት ልክፈላችሁ?" አለ።

የሳቂታው ፊት ያን ጊዜ ተኮሳተረ። "እናትህ ስንት ከፈለችን?"

"እናቴ ምን አድርጋ?"

"አሥራ አምስት ዓመት ማሳዋን ማን ሲያርስ የኖረ መሰለህ?"

"ምርቱን የምንካፈል እኩል አራሽ አለኝ ብላ ጽፋልኛለች።"

"የምን እኩል አራሽ? እኛ ነን። አባቴ ሲደክም እኔ ተተካሁ። ምርቱን ሙሉውን እናስገባላት ነበር። ለልጄ እንዳትነግሩት ብላ አስምላናለች፤ እዚያ ሆኖ ስለ እኔ እንዳይጨነቅ፣ ሲመጣም ሰው ፊት እንዳይሸማቀቅ ብላ። እስከ ዛሬ ቃሏን ጠብቄ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ አናደድከኝ።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ መንደሩ በሙሉ የሚያውቀውን እሱ ብቻ አያውቅም ነበር። ጥይት ሲያፏጭበት እናቴ ጦሟን አታድርም ብሎ የተጽናናው በእነዚህ ሰዎች እጅ ኖሯል። ቀና ብሎ የሳቂታውን እጅ አየ፤ መዳፉ በእርፍ ተልጧል። እንባውን ለመደበቅ ቢሞክርም አልሆነለትም።

"የአንተስ ማሳ?" አለ።

"እኩሌታው ቀርቷል። ይደርሳል።"

"አይደርስም። ነገ በሬዎቼን ትወስዳለህ። እኔንም።"

"አንተን ምን ላድርግህ?"

"ዳር አስቀምጠኝ። የአንተ ድምፅ አልቋል።"

በማግስቱ በወንበር ተሸክመው ሳቂታው ማሳ ዳር አስቀመጡት። ከዚያ አናጢው ማሳ፣ ከዚያም የቀሩት ጋ፤ ስድስት ቀን ሙሉ እግሩን ድንጋይ ላይ ሰቅሎ በሬዎቹን ሲያዝ ከረመ፤ ደስታውም ከገጹ አልጠፋም። የስድስቱም ዘር ገባ። የመጨረሻው ቀን ማታ ተሸክመው ቤቱ ሲያደርሱት ለእያንዳንዳቸው እግዜር ይስጥልኝ ሊል አፉን ከፈተ። ድምፁ ግን ተዘግቶ ኖሯል፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ስለዚህ የስድስቱንም እጅ በየተራ በሁለት እጁ ያዘ፤ ቶሎም አልለቀቀም።