ለአባቴ አንጀት የተላኩ ሽማግሌዎች

ሥራዬ አንጀት ነው። የእኔ ሳይሆን የሰው፤ ያውም ካንሰር የያዘው፣ ተቆርጦ በብልቃጥ የሚመጣልኝ። አዲስ አበባ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀምጬ የማጠናው የሴሎቹን ተቀባዮች ነው። ተቀባይ ማለት ሴሉ ላይ ተተክሎ "በቃ፣ መባዛት አቁም" የሚለውን መልእክት የሚያስገባ ፕሮቲን ነው። አንዳንድ ዕጢ ውስጥ ተቀባዩን የሚያሠራው ጂን አልተበላሸም፤ ሜቲል የሚባል ኢምንት ኬሚካል ዲኤንኤው ላይ ተለጥፎ እንዳይነበብ አድርጎታል እንጂ። ተቀባዩ አይመረትም፣ መልእክቱ አይገባም፣ ሴሉም እንዳሻው ይባዛል።

ይህን ሁሉ ስብሰባ ላይ ሳስረዳ ድምፄ አይንቀጠቀጥም። ሱሉልታ ሄጄ አባቴ ፊት "ፊንጢጣ" ከምል ግን ምላሴ ቢቆረጥ ይሻለኛል።

ታዲያ አባቴን ደም ያስቀምጠው ጀመር። የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እሱማ "ኪንታሮት ነው" ብሎ የሰፈር ቅባት እየተቀባ ነገሩን ዘግቶታል። በካሜራ ታይ ብትለው፣ በዚህ ዕድሜዬ ለማንም ሱሪዬን አላወልቅም አላት። እኔ እንዳልነግረው ሴት ልጁ ነኝ። ስለዚህ በአገራችን ከባድ ነገር እንደሚጠየቀው ጠየቅሁት፤ ሽማግሌ ላክሁበት።

እሑድ ጠዋት ሦስት ጎረቤቶቻችን ጋቢያቸውን ደርበው፣ "አካም ቡልተኒ" እያሉ ገቡ። እኔ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ጠርዝ አያለሁ። "ለትልቅ ጉዳይ ነው የመጣነው" ሲሉት የአባቴ ፊት በራ። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶኝ አላገባሁም፤ ምን ይፈረድበታል።

"ተቀመጡ፣ ተቀመጡ። የማን ልጅ ነው ልጁ?" አለ።

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። "የመጣነው ለልጅቷ አይደለም ኦቦ። ለእርስዎ መቀመጫ ነው።"

ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩ። አባቴም የሙሽራ አባት የሚለውን አለ፦ "ከዘመድ ጋር ልምከርበት፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ።"

ሽማግሌዎቹም ደንብ ነውና ተስማምተው ሊነሱ ሆነ። ሳቄ እዚያው ደረቀ። ከቡራዩ እስከ ሰበታ ያለው ዘመድ ተጠርቶ ስለ አባቴ መቀመጫ ሊመክር ነው። እስከዚያ ሰውየው ይደማል። ቀጠሮ የማይጠብቁ ሴሎችን በየቀኑ የማይ ሰው ነኝ፤ ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። ሽማግሌ በተቀመጠበት ልጅቷ ብቅ አትልም፤ ነውር ነው።

"አባዬ፣ ካንሰር ሊሆን ይችላል" አልኩት። "በፊንጢጣህ ካሜራ አስገብተው ያዩታል። ነገ ጠዋት እንሄዳለን።"

ሽማግሌዎቹ ወለሉን ማየት ጀመሩ። አባቴ ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን የጋቢውን ጫፍ እየጠቀለለ፣ ከእሱ ሰምቼው በማላውቀው ትንሽ ድምፅ፣ "ያማል እንዴ?" አለኝ።