በተቆረጠ እጅ የቀናው ሸበቶ

ሰው በሀብት ይቀናል፣ በመልክ ይቀናል፣ በትዳር ይቀናል። የኔ ወንድም ግን በተቆረጠ እጅ ቀና። አላጋነንኩም፤ እጁ የተቆረጠውም ወንድሜ ነው፤ የሁለቱም ታላቅ እህት ነኝ፣ ሁለቱንም አዝዬ ነው ያሳደግኳቸው።

ቀናተኛውን ሠፈሩም ፋብሪካውም «ሸበቶ» ይለዋል። ፀጉሩ ሠላሳ ሳይሞላው ነጣ። እናታችን ምክንያቱን ስትጠየቅ፣ ታናሹን በወለድኩ ማግስት ነው መሸበት የጀመረው ትላለች። ታናሹ ደግሞ «ሳቂታው» ነው፤ ጥርሱ አይከደንም። ሸበቶ ጡት የጣለው ለሱ ሲባል ነውና እስካሁን ይቅር አላለውም።

ሦስታችንም የምንሠራው የድስት ክዳን በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ነው። እኔ ክዳኑን በወረቀት እየጠቀለልኩ ካርቶን ውስጥ እደረድራለሁ። ሸበቶ ፕሬስ ላይ ነበር፤ ዝርጉን ቆርቆሮ አንዴ ተጭኖ ክዳን የሚያደርግ ከባድ ማሽን ነው። አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ሁለት ቁልፎች አሉት። ሁለቱ አንድ ላይ ካልተጫኑ አይወርድም፤ የሠራተኛው ሁለት እጅ ከሥሩ እንዲርቅ ታስቦ ነው። የኛ ሰዎች ግን መላ አያጡም። አንዱን ቁልፍ በላስቲክ ጥፍር አድርገው ያስሩትና በአንድ እጅ እየተጫኑ በሌላው ቆርቆሮ ያቀብላሉ። ሥራው ይፈጥናል። ፎርማኑም ያያል፣ አይቶም ጣሪያ ጣሪያውን ይመለከታል።

አንድ ቀን ሸበቶ ወገቡን ያዘውና ሳቂታውን ለዛሬ ቦታ እንቀያየር አለው። የሳቂታው ሥራ ተቀምጦ የክዳን ጠርዝ ማለስለስ ነበር። እሺ አለ፤ እምቢ ማለት አልፈጠረበትም። ላስቲኩ ሸበቶ እንዳሰረው ነበር። ሳቂታው የተጣመመ ቆርቆሮ በቀኝ እጁ ሲያቃና ግራ ክርኑ ያልታሰረውን ቁልፍ ነካና ፕሬሱ ወረደ። ጩኸቱን እኔ ክፍል ድረስ ሰማሁት። እጁ ከአንጓው ላይ ተቆረጠ።

ሸበቶ የመጀመሪያውን ሳምንት እህል አልቀመሰም። ከሐኪም ቤት ደጃፍ ጎትቼ ነው ወደ ቤቱ የወሰድኩት። ቁስሉ ጠገግ ሲል ግን ስለ ካሳው ይወራ ጀመር። ሳቂታው አንድ ጊዜ የሚከፈል የጉዳት ካሳ፣ ከዚያ ደግሞ ዕድሜ ልኩን የማይቋረጥ የወር አበል ያገኛል ተባለ። ይሄኔ የሸበቶ ዓይን ደም ለበሰ።

እናታችን ልብሷን ጠቅልላ ሳቂታው ቤት ገባች፤ በእጇ ታጎርሰዋለች። ጎረቤት ባዶ እጁን አይመጣም። ሳቂታው በካሳው የቁሳቁስ ሱቅ እንደሚከፍት፣ ልጆቹን እንደሚያስተምር ይነገራል። ሸበቶ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ይሰማል። ወገቤን ካመመኝ ስንት ዓመቴ፣ ማን ዞር ብሎ አየኝ አለኝ አንድ ቀን። ወገብ ተቆርጦ መሬት ላይ አይወድቅ፣ ምን ይታይልሃል አልኩት። አልሳቀም።

«ማሽኑ የኔ ነበር፣ እትዬ» አለኝ። «እኔ ብሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ የኔ ነበር።»

እግዜር አፍህን ይዝጋው ብዬ ሰደብኩት። እሱ ግን ከልቡ ነበር። ቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ አኑሮ፣ ዋጋ እንዳላወጣ ዕቃ ያየው ነበር።

ካሳው ግን ገና አልተፈቀደም። ሕጉ መከላከያውን ራሱ ያበላሸ ሠራተኛ አይካስም ይላል፤ ሌላ ሰው ባሰረው ላይ ከተጎዳ ግን ይካሳል። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ ላስቲኩን ማን አሰረው? ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ የተላከ አጣሪ ሊመረምር ሲመጣ በማሽኑ ዙሪያ አቆመን። እውነቱን ሸበቶ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። እውነቱ ከወጣ ደግሞ ሸበቶ ከሥራ ይባረራል። በአንድ ወገን የታናሹ ካሳ፣ በሌላ ወገን የታላቁ ሥራ፤ አንዱን ከሌላው መምረጥ አቃተኝ። ሸበቶም አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ያ ዝምታው ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ እህቱ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።

ፎርማኑ ጉሮሮውን ጠረገ። እያየ እንዳላየ ማለፉ እንዳይወጣበት ጥፋቱን በሌለው ሰው ላይ ላከከ። ያሰረው ሳቂታው ራሱ ነው አለ። ይህ በቅቶት ቢያቆም ኖሮ ወንድሜ ዝም ባለ ነበር። እሱ ግን ውሸቱን ሊያጣፍጥ ፈለገ።

«ልጁ ፈጣን ነበር» አለ። «በዚህ ፕሬስ ላይ እንደሱ ያለ ሠራተኛ አይቼ አላውቅም። ለፍጥነቱ ሲል ነው ያሰረው።»

ሸበቶ ቀና አለ።

«ማን? እሱ?» አለ። «ይሄ የኔ ማሽን ነው። እሱ የሠራበት ግማሽ ቀን ነው። ላስቲኩን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ቋጠሮውን እዩት። እሱ የጫማውን ክር እንኳ እኔ ሳስርለት ነው ያደገው። ከዚህ ፕሬስ ላይ የኔን ያህል ክዳን ያወጣ ሰው የለም። እርስዎም ያውቃሉ፤ በየቀኑ እያዩ ነው የሚያልፉት።»

ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው። ፎርማኑ አመድ መሰለ። እኔ ልስቅም ላለቅስም አቃተኝ፤ ወንድሙን ያዳነው ያው ቅናቱ ነው። አጣሪው ካሳው ይከፈል ብሎ ጽፎ ጨረሰና እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ።

«ወንድምህ አልጋው ላይ እያለ ሦስት ጊዜ ጠይቄዋለሁ» አለው። «ካሳህን ታጣለህ ብዬ ነግሬዋለሁ። ማን እንዳሰረው አላውቅም ከማለት በቀር አንዲት ቃል አልተነፈሰም።»

ሸበቶን ከምሳ በፊት ዕቃህን ይዘህ ውጣ አሉት። በር ላይ ደረስኩበት። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ ያለቅሳል። ለሥራው መስሎኝ፣ ይገኛል፣ አይዞህ አልኩት።

«በዚህም በለጠኝ፣ እትዬ» አለኝ።

ስድብ ፈለግኩለት፣ አጣሁ። ና አብረን እንሂድ፣ ካሳው እንደተፈቀደ አንተው ንገረው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«ዛሬ አይሆንም። ዛሬ ፊቱን ካየሁት እጠላዋለሁ።»

ብቻዬን ሄድኩ። ሳቂታው የታሰረ ክንዱን ትራስ ላይ አሳርፎ አገኘሁት። ሸበቶ ያለውን ነገርኩት። ስለ ካሳው አንድም ነገር አልጠየቀም። «ሥራውን ወሰዱበት?» አለኝ፤ አዎ ስለው ያ የማይከደን ጥርስ ተከደነ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከአልጋው ግርጌ ተቀመጥኩ። ሁለቱንም በጀርባዬ ላሳደግኩት ለኔ፣ አንዱ ለሌላው የሆነውን ማንም ሆኖልኝ አያውቅም። በሁለቱም ቀናሁ።