የሙዙ ጥላ

በእኛ ቀበሌ፣ በላንቴ፣ ሙዝ የሚቆረጠው ጠዋት ነው። ጭነት መኪናው ግን ስድስት ሰዓት ላይ ነበር የሚመጣው። እስከዚያ ድረስ የተቆረጠውን ዘለላ ከማሳው አርቀን፣ መንገድ ዳር ባለችው አንዲት ማንጎ ሥር እንደረድራለን። ፀሐይ የመታው ሙዝ ይጠቁራል፤ ነጋዴውም አይወስደውም። በላዩ እርጥብ ቅጠል የማለብሰው እኔ ነበርኩ፤ በዚህ ሥራዬ የሚያማኝ አልነበረም።

ያን ዓመት ሙቀቱ ከምናውቀው በላይ ሆነ። ከአባያ በኩል የሚመጣው ነፋስ እንኳ ይለበልብ ነበር። ምራቴ ዘለላ ተሸክማ ስትመላለስ ቆይታ ማንጎዋ ሥር ልትቀመጥ መጣች።

"እማ፣ ራሴን አዞረኝ፤ ትንሽ ልረፍ።"

"እዚያ አይደለም፤ ሙዙን ትጨፈልቂዋለሽ" አልኳት።

ሄዳ መንገዱ ዳር ፀሐይ ላይ ተቀመጠች፤ እዚያው እንቅልፍ የወሰዳት መሰለኝ። መኪናው ሲመጣ ልቀሰቅሳት ብሄድ ሰውነቷ ይፋጃል፤ ላብ ግን የለባትም። ያን ጊዜ ሙዙን ከጥላው እየጎተትኩ ጣልኩት፤ እሷን አስተኝቼ ቅጠሉን አለበስኳት። ሐኪም ቤት ሳንደርስ ሞተች።

ከወራት በኋላ ቀበሌው ስለ ሙቀት ስብሰባ ጠራን። ከከተማ የመጣ ወጣት ባለሙያ ከወረቀት አነበበልን፤ ውሃ ጠጡ፣ ቀትር ላይ ጥላ ሥር እረፉ አለን። ተነሣሁ።

"ልጄ፣ የትኛው ጥላ?"

"ያው ዛፍ ሥር ነዋ፣ እማማ።"

"ዛፉ ሥር ሙዝ አለ።"

ሰዎች ሳቁ። ነጋዴው ከፊት ወንበር ዞር ብሎ "ሙዙ ከጠቆረ ማን ይገዛኛል?" አለኝ።

"ምራቴን ጥላ የከለከልኳት ለአንተ ሙዝ ብዬ ነው" አልኩት። "እኔ ጥፋቴን አውቃለሁ። አንተ መኪናህን በማለዳ አምጣ፤ ቀበሌው ደግሞ ለሰው ዳስ ይሥራ። ይህ ቃለ ጉባኤ ላይ ሳይሰፍር አልቀመጥም።"

ሊቀመንበሩ ወደ ጸሐፊው ዞሮ "ጻፈው እንግዲህ፤ አለዚያ እዚሁ ማደራችን ነው" አለ። ሲጽፍ ቆሜ ጠበቅኩ። ጽፎ ሲጨርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነበው ጠየቅኩት። ማንበብ አቅቶኝ አይደለም፤ ነጋዴው እንዲሰማው ነው።

ዳሱ ተሠራ። መኪናውም አብዛኛውን ቀን በማለዳ ይመጣል። ሲዘገይ አንዷ ሴት ሙዙ አሳዝኗት ዘለላውን ወደ ዳሱ ትጎትታለች። ያኔ ተነሥቼ አወጣዋለሁ፤ እጇንም ይዤ በቦታው አስቀምጣታለሁ።