ዴኩ የሚቆምበት ቦታ

ቦንጋ ውስጥ የተበላሸ ሬዲዮ ይዞ ወደ ቤቴ መጥቶ አዝኖ የተመለሰ ሰው የለም። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ የኤሌክትሪክን ነገር ያወቅኩት የራሴን ሬዲዮ አፍርሼ፣ ገጥሜ፣ እንደገና አፍርሼ ነው። ዲፕሎማ የያዙ ልጆች እንኳ "ጋሼ፣ እስኪ ይዩልን" እያሉ ይመጡ ነበር። የቪሲዲ ዴክም በሰፈሩ ከሁሉ በፊት የገባው እኔ ቤት ነው።

ልጄን በዳርኩ በሁለት ወሩ ባለቤቴ ሞተች። የሠርጉ ሲዲ ከቪዲዮ ቀራጩ እጅ የደረሰን በሐዘኑ ሳምንት ነው፤ ያውም አንድ ቅጂ ብቻ። ባለቤቴ ስትንቀሳቀስ፣ ስትናገር የምትታየው በዚያ ሲዲ ላይ ብቻ ነው። ግን ሐዘን የገባበት ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም። ሴቶቹ ቴሌቪዥኑንና ዴኩን በአንድ ነጠላ ሸፈኗቸው፤ ሙት ዓመቷ እስኪወጣ ማንም አልነካቸውም። የቦንጋን ዝናብ የሚያውቅ ሰው የቀረውን ይገምታል። እዚህ ቁምሳጥን ውስጥ የተሰቀለ ኮት ይሻግታል፤ ዓመት ሙሉ ያልሞቀ ዴክ ምን ይሆናል? ይህን አላሰብኩም። እኔ!

ነጠላውን ባነሳሁበት ቀን ብቻዬን ሆኜ ሲዲውን ከተትኩ። ሙሽሮቹ ገቡ፣ ሽማግሌዎች መረቁ፣ ድግሱ ቀጠለ። ባለቤቴ በዳሱ መሀል ወደ ካሜራው ዞር አለች፣ እጇን አነሳች፣ አፏን ከፈተች፤ ምስሉም ቆመ። ድምፅ የለም። ዴኩ ውስጥ ውስጡን ጢክ፣ ጢክ ይላል።

ፈታሁት፤ ሌንሱን በጥጥና በአልኮል ጠረግሁት። ያው እዚያው ቆመ። "ሲዲው ተጭሯል፤ ዴኩ ጤነኛ ነው" ብዬ ፈረድኩ። እኔ የጠገንኩት ዕቃ መቼ ታሞ ያውቃል?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማንም አልተናገርኩም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሲዲውን እከፍትና እዚያች ቦታ ላይ እጠብቃታለሁ። የቆመው ምስል ይንቀጠቀጣል፤ ከንፈሯ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። የምትጠራው እኔን እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ። "አቤት" እላታለሁ። አንዳንድ ቀን ዴኩ ጠፍቶ፣ ጓሮ ሆኜ፣ ያ ጢክ ጢክ ይሰማኝ ነበር።

ደካ በሚባል ቦታ የምታስተምረው ያቺው የዳርኳት ልጄ ለእረፍት መጥታ አንድ እሑድ ደረሰችብኝ።

"አባዬ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

"ከማንም።"

ቴሌቪዥኑን አየች። ከዚያ ሌላ ሲዲ ከተተች፤ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ቆመ። ሦስተኛም ሞከረች፤ ቆመ።

"ሲዲው አይደለም። ዴኩ ነው የሞተው። ዲቪዲ እንግዛ፤ ይህንንም ያነባል።"

"ዲቪዲ የሰነፍ ዕቃ ነው። ተከፍቶ አይጠገንም።"

"አንተ የጠገንከውስ መቼ ዳነ?"

ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። አዲሱ ሲዲውን ባያነብ ተስፋዬ ይቆረጣል። ቢያነብ ደግሞ ባለቤቴ ንግግሯን ጨርሳ ትሄዳለች። በአሮጌው ግን እንዳየችኝ ትቆያለች። ሁለት ሳምንት እንቢ አልኩ። በመጨረሻ ልጄ ወደ እኔ ሳታይ፣ "ድምፅዋ እኮ እየጠፋኝ ነው" አለች። ያን ጊዜ እንቢ ማለት አቃተኝ።

ከገበያው አጠገብ ካለ ሱቅ ለሙከራ አመጣችው፤ ባለሱቁ "ጋሼ ካልወደዱት ይመልሱት" ብሏል። ከሰዓት ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሲዲውን ከተትን፤ ያቺ ምስሉ የሚቆምባት ቦታ ደረሰች። አለፈች።

"እሱ የት ሄደ? ጥሩልኝ እንጂ፣ ሳይበላ ሊውል ነው!" አለች ባለቤቴ።

ከካሜራው ኋላ አንዲት ሴት፣ "እትዬ፣ ከጀኔሬተሩ ጋር ናቸው። ብንጠራቸው እንቢ አሉ" ስትል መለሰች።

"እንግዲያ ከጀኔሬተሩ ጋር ይብላ!"

ዳሱ ሳቀ። ልጄም ሳቀች፤ ወዲያው አለቀሰች። ባለቤቴ ተቀመጠች። አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ ፊት ለፊቱ ምግብ ተከድኖ ተቀምጧል። ሰው በገባ ቁጥር ቀና ብላ መግቢያውን ታያለች። ካሜራው ወደ ሌሎች እስኪዞር ድረስ እኔ አልመጣሁም።

ያን ቀን መብራት ሲጠፋ ጀኔሬተሩን ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ዳስ ሙሉ ሰው አጨበጨበልኝ፤ ይህን ለዓመታት አውርቻለሁ። ማሽኑ ከተነሳ በኋላ እዚያ የቆየሁት ግን ሊሠራ የቀረ ነገር ኖሮ አይደለም። ሰዎች ከብበው እያደነቁኝ ነበር። ማን መጥቶ እንደጠራኝ፣ ምን ብዬ እንደመለስኩ ምንም አላስታውስም።

"አባዬ፣ እንመልሰው?" አለች ልጄ ፊቷን እየጠረገች።

"ይቀመጥ" አልኩ።

እሷ ወደ ደካ ተመለሰች። እኔም እሑድ እሑድ በአዲሱ ዴክ አያለሁ። ባለቤቴ አሁን እኔን አታይም፤ የምታየው መግቢያውን ነው። ቀና ባለች ቁጥር ከወንበሬ እነሳለሁ።