የትርንጎ አበባ

ዝናብ ያልነካው፣ ቤት ውስጥ ውሃ የጠጣ አፈር የራሱ ሽታ አለው፤ የታፈነ፣ ለብ ያለ ሽታ። በቅርቡ አንድ ቢሮ ወረፋ ስጠብቅ የጽዳት ሠራተኛዋ ኮሪደሩ ላይ ያሉትን አበቦች ስታጠጣ ያ ሽታ መጣብኝና፣ ደብረ ታቦር ያለው ቤታችን፣ ከጥጉ የተቀመጠው የተቆረጠ ጀሪካን ትዝ አለኝ።

ጀሪካኑ ውስጥ የነበረውን ተክል ያመጣችው ታላቅ እህቴ ትርንጎ ነበረች። ባሕር ዳር ስትማር ቆይታ በሚያዝያ ታማ ስትመለስ፣ ሻንጣዋን ለሰው አሸክማ እሱን ራሷ አቅፋ ከመኪና ወረደች። አበባ አያወጣም፤ እኛ ግን አበባ እንለው ነበር። ቅጠሉ ሰፊ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ነጫጭ መስመር ያለበት፣ ሲዳስሱት እንደ ከፋይ ጨርቅ የሚለሰልስ ነበር። የሞቃት አገር ተክል ስለሆነ ብርዳችን እንደማይስማማው ነግራን፣ ፀሐይ በቀጥታ ከማያገኘው ጥግ አስቀመጠችውና እናቴንና እኔን አደራ አለችን።

«ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ አፈሩ ሳይደርቅ እንዳታጠጡት። ቅጠሉንም በእርጥብ ጨርቅ አትንኩት፣ ይጠቁራል።»

ክረምቱ ሲገባ ባሰባትና አባቴ ባሕር ዳር ሆስፒታል ይዟት ሄደ። በስልክ ስናገኛት «ደህና ነኝ» ብላ ቶሎ ወደ አበባው ትሻገር ነበር፤ የተጠቀለለ አዲስ ቅጠል ማውጣቱን ስነግራት «በጉልበት እንዳትፈቺው፣ ራሱ ይፈታ» አለችኝ። ቅጠሉ ሳይፈታ አባቴ አስከሬኗን ይዞ መጣ።

ለቅሶው እንደ ወጉ ሆነ፤ ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ፣ ድንኳኑ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ማንም ሲያለቅስ አላየሁም። እናቴ ጠዋት ጠዋት በደረቅ ጥጥ የቅጠሎቹን አቧራ እያነሳች፣ እኔ ውሃ ለብ እያደረግሁ፣ አባቴ ወደዚያ ጥግ ሳይመለከት ገብቶ እየወጣ መስከረምና ጥቅምት አለፉ። ስሟን የሚያነሳ አልነበረም። እኔም የሚሰማኝ ነገር አልነበረም፤ ትምህርት ቤት ሄጄ እመለስ ነበር፣ እበላ ነበር፣ እተኛ ነበር።

ኅዳር ላይ ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ በረታና ሁለት ቅጠሎች ጠቁረው ወደቁ። እናቴ ጀሪካኑን ወደ ምድጃው ስታስጠጋ አባቴ አያትና፣

«ተይው እንግዲህ፤ የሞቃት አገር ነገር እዚህ አይኖርም» አላት።

«ይኖራል መቼ አልኩ? አደራ ብላኝ ነው» አለችው።

በማግስቱ ማለዳ ስነሳ የአባቴ ጋቢ በጀሪካኑ ዙሪያ ተጠቅልሎ፣ ቅጠሎቹ ብቻ ከላይ ብቅ ብለው አየሁ፤ እሱ ኮቱን ለብሶ መደቡ ላይ ተኮራምቶ ተኝቷል። እናቴ ቆማ ሁለቱንም ተመለከተችና፣ ጋቢውን ሳትነካ የራሷን ብርድ ልብስ አምጥታ አባቴን አለበሰችው።

ተክሉ ያንን በጋ አለፈ፤ በቀጣዩ ክረምት ግን ሥሩ በስብሶ ሞተ። እናቴ አፈሩን ጓሮ ደፍታ፣ ጀሪካኑን አጥባ ለዶሮዎቹ ውሃ ማጠጫ አደረገችው።

ዛሬ ቤቱ ኮርኒስ ተሠርቶለት፣ መስኮቱ መስታወት ገብቶለት ከያኔው ይሞቃል። ለበዓል ስሄድ ወላጆቼ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ እያወሩ በመሃል «ትርንጎ በነበረች ጊዜ» ይላሉ፤ ያኔ በዚያ ቤት የማይጠራው ስም አሁን እንደማንኛውም ሰው ስም ይጠራል። ማናችንም ከማዕዱ ቀና አንልም። እኔም ቆርሼ መብላቴን እቀጥላለሁ።