ጥላ የሄደችው ሠራተኛ

ጉርድ ሾላ አካባቢ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ አንሶላ አጣቢ ነበርኩ። ኮሮና ሲገባ ክሊኒኩ የሚያስላቸውን ሰዎች ለብቻ የሚያስተኛበት ክፍል ከፈተ። የዚያ ክፍል አንሶላም እንደ ሌላው ሁሉ በከረጢት ታጭቆ ወደ እኔ ይወርድ ጀመር። ጓንትና ማስክ የሚታደለው ለሐኪሞቹ ነው። ምድር ቤት ለምንሠራው ለእኛ «ሳሙና አላችሁ አይደል?» ተባልን። ለራሴ ብዙም አልፈራሁም። እንጦጦ ሥር በአንዲት ክፍል አብራኝ የምትኖረው እናቴ ግን አስም አለባት።

አንድ ጠዋት ለክሊኒኩ ባለቤት፣ ለዶክተሩ፣ «ጓንት ካልተሰጠኝ ያንን ከረጢት አልፈታም፤ የሌላውን አጥባለሁ» አልኩት። ያኔ ፊት ለፊት አንቱ ነበር የምለው፤ አሁን ግን ይቅርብኝ። አልጮኸም። «እንግዲያው ቤትሽ ሄደሽ ዕረፊ» አለኝ፣ በትህትና። በማግስቱ ስመጣ ዘበኛው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «እንዳላስገባሽ ታዝዣለሁ» አለኝ።

ሕጉን አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። ለኮሮና በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሠራተኛ ማሰናበት እንደተከለከለ ሬዲዮው ጠዋት ማታ ይለፍፍ ነበር። የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ያነጋገርኳት ባለሙያም «አንቺማ ያለቀለት ጉዳይ ነው የያዝሽው፤ ክሰሺና ወደ ሥራሽ ተመለሺ» አለችኝ። እየበረርኩ ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። እሷ ግን ደነገጠች። በሰፈራችን እንጀራውን የበሉትን ሰው ሽማግሌ ሳይልኩ ፍርድ ቤት ማቆም ነውር ነው።

ስለዚህ የእድራችንን ዳኛ ለመንናቸው። ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ አባባ ነው የሚላቸው። ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም፣ አንዳንዱንማ ደጋግመው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሁለት ሽማግሌዎችና እኔን አስከትለው ዶክተሩ ቢሮ ገቡ። ተራርቀን ተቀመጥን።

ሽማግሌ እንዴት እንደሚለምን ሁላችንም እናውቃለን። «ልጃችን ተበድላለች» ብሎ የሚጀምር የለም። ጥፋቱን ሁሉ በራሱ ወገን ላይ ጭኖ ነው የሌላውን ልብ የሚያራራው። አባባም እንደ ልማዳቸው፣ «ልጅ ናት፤ ተናዳ ሥራዋን ጥላ ሄደች። አጥፍታለች። እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ይማሯት» አሉ። እኔም ጉልበቱን ልይዝ ጎንበስ አልኩ። ሐኪሙ ሰውዬ በሽታውን ፈርቶ እግሩን ሰበሰበና «አስብበታለሁ» አለ። ስንወጣ እስከ በሩ ሸኘን፤ እኔም ያለቀልኝ መሰለኝ።

አሰበበት፣ ለወራት። አባባ «ታገሺ ልጄ፣ ሽማግሌ ተልኮ አይቸኮልም» እያሉ ያዙኝ። መታገሡ ሲያቅተኝ ከሰስኩ።

የዶክተሩ ጠበቃ መልስ አጭር ነበር፦ ማንንም አላሰናበትንም፣ በራሷ ፈቃድ ጥላ ሄዳለች። በሩ ላይ ያገደኝ ዘበኛ ያኔ ሥራውን ለቆ አገር ቤት ገብቷል፤ የት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም። ጠበቃው ምስክር ብሎ ያስጠራው ደግሞ አባባን ነበር።

አባባ ማሉ። ጠበቃው «ጥላ ሄደች፣ አጥፍታለች ብለዋል ወይስ አላሉም?» ሲል ጠየቃቸው። ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝ። ማስካቸው ከአፍንጫቸው ወርዶ ነበር።

«ብያለሁ» አሉ። «ግን እኮ ለልመና የተባለ ቃል ነው። እንደዚያ ነው የሚለመነው።»

ዳኛዋ በርጋታ፣ «በሩ ላይ ስትከለከል በዓይንዎ አይተዋል?» አለቻቸው።

«አላየሁም። የነገረችኝን ነው የማውቀው።»

እሳቸው እንደማይዋሹ አውቃለሁ። ያን ሰዓት ግን እንዲዋሹልኝ ከልቤ ተመኘሁ። ክሱ ውድቅ ሆነ።

ከአባባ ጋር በታክሲ ተመልሰን መገናኛ ስንወርድ «አጥፍቻለሁ ልጄ፣ ማሪኝ» አሉኝ። «ምን አጥፍተው ነው አባባ» አልኳቸው። እንደዚያ ነው የሚባለው። በልቤ ግን በእሳቸው፣ በእናቴ፣ ለዚያ ሰውዬ ጎንበስ ባለው ወገቤም ጭምር ተናድጄ ነበር። ከዚያ ወዲህ አባባ ለሽምግልና ሲጠሩ «አሞኛል» ይላሉ።

ዘንድሮ አያት አካባቢ አንድ የእንግዳ ማረፊያ አጣቢ ይፈልጋል ተባለና ሄድኩ። አሠሪውን የከሰሰ ሠራተኛ የሚቀጥር እንደሌለ በየበሩ እየተመለስኩ ተምሬያለሁ። ባለቤቷ ሴትዮ ደግ ትመስላለች፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ።

«ከክሊኒኩ ለምን ወጣሽ?» አለችኝ።

«ማንም አላስወጣኝም» አልኳት። «በራሴ ፈቃድ ነው ጥዬ የሄድኩት።»