«ድምፁን አሰሚኝ»

ስለ እሱ ስጽፍ እጄ የሚንቀጠቀጥ መስሎኝ ነበር። ዝም ብሎ ይጽፋል። እንዲያውም ደስ እያለኝ ነው፤ ይቻለው!

ልጁ የናይሮቢ ሀብታሞች ሰፈር ሩንዳ የሚኖር የትልቅ ቤት ልጅ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ የትልልቆቹን ጉልበት ሊስም መሬት እስኪነካ ያጎነብሳል። እናቶች «አቤት ጨዋነት!» ይላሉ። የእኔም እናት ትላለች። እኔ ደግሞ የፎርም ስሪ፣ ማለትም የሁለተኛ ደረጃ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ የካሳራኒ ልጅ፣ እናቴ የሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ። እንዲህ ያለው ልጅ እኔን ሲመርጥ ክንፍ አወጣሁ።

ሞባይል ገዛልኝ። ቆይቶ ሲገባኝ ሞባይሉ የእሱ ነው፣ እኔ ተሸካሚው ነኝ።

«የት ነሽ?»

«ማታቱ ውስጥ።»

«ድምፁን አሰሚኝ።»

ሞባይሉን ወደ ሚኒባሱ ስፒከር እዘረጋለሁ። ዱም ዱም ዱም። ጌታው ይረካል። ቤት ስሆን ቴሌቪዥኑን፣ ትምህርት ቤት ስሆን የልጆቹን ጫጫታ። አብራኝ ለምትቀመጠው ኬንያዊት ጓደኛዬ «በጣም ስለሚወደኝ እኮ ነው፣ እናፍቀዋለሁ» ብዬ በኩራት ነገርኳት።

«ማታቱው ነው እንዴ የናፈቀው?» አለችኝ። አኮረፍኳት።

አንድ ቀን የተሳፈርኩበት ማታቱ ሙዚቃው ተበላሽቷል። ናይሮቢ ውስጥ ጸጥ ያለ ማታቱ! ሞባይሉ ጮኸ። ደነገጥኩና ረዳቱን በስዋሂሊ «እባክህ አንዴ 'ካሳራኒ' ብለህ ጩህልኝ» ብዬ ለመንኩት።

«መኪናው ሞልቷል፣ ማንን ልጥራ?» አለኝ።

ጎመን ታቅፈው አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ሞባይሉን አዩ፣ እኔን አዩ። «ማነው? ፖሊስ ነው?»

«ጓደኛዬ ነው።»

«ታዲያ እጅሽ ለምን ይንቀጠቀጣል?»

እጄን ከቦርሳዬ ሥር ደበቅኩት። ሳላነሳው ጥሪው ተቋረጠ።

በማግስቱ በአባቱ መኪና ትምህርት ቤት በር ላይ ጠበቀኝ። «ከማን ጋር ነበርሽ?» እያለ ክንዴን ጨመቀው፣ እስክጮህ ድረስ። ከዚያ አለቀሰ። እሱ! ክንዱ የእኔ፣ እንባው የእሱ። ቸኮሌት ሰጠኝና ፊቱን ጠራርጎ፣ «ለእናትሽ ብትነግሪያቸው ማንን የሚያምኑ ይመስልሻል?» አለኝ።

ይቺን አመንኩለት። እናቴ ጨዋ ያለችውን ልጅ ትታ፣ ተደብቃ ወንድ የያዘችውን ልጇን ታምናለች? በዚያ ሙቀት ሹራብ ለብሼ ዝም አልኩ።

ቅዳሜ እናቴ የምትሠራበት ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ከሌሎቹ ሦስት ሴት ሠራተኞች ጋር ሽንኩርት እከትፋለሁ። እናቴ «እጅጌሽ ወጥ ውስጥ ሊገባ ነው» ብላ ወደ ላይ ሰበሰበችው። አራት ጣት በሰማያዊ ታትሟል። ዱላም ስድብም ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ግን እጇን ታጠበች። ልክ ያኔ ሞባይሉ ጮኸ።

ቀማችኝና አነሳችው። ከሞባይሉ ውስጥ «የት ነሽ? ድምፁን አሰሚኝ!» ሲል ሁላችንም ሰማን።

እናቴ ሞባይሉን ወደ ሴቶቹ ዘረጋች። አንዷ መፍጫውን ለቀቀችው፣ ሌላዋ የድስት ክዳን በጭልፋ ቀጠቀጠች፣ ሦስተኛዋ እልል አለች። ከዚያ እናቴ ወደ ጆሮዋ መለሰችው።

«ሰማህ? እናቷ ነኝ። ክንዷን አይቻለሁ። ነገ ቅዳሴ ሲወጣ ከእናትህ ጋር እነጋገራለሁ።»

«እ... እትዬ... ተሳስቼ ነው የደወልኩት።» ያ ሁሉ ጌትነት የድመት ግልገል ድምፅ ሆኖ ቀረ።

እሑድ ሞባይሉን በፌስታል አድርገን ለእናቱ ሰጠናቸው። «የእኔ ልጅ እንኳ ጨዋ ነው» አሉ።

«እንግዲያው ጨዋውን ቤትዎ ያኑሩት። ልጄ አጠገብ ባየው ፖሊስ ጋ ነኝ» አለቻቸው እናቴ። ቤት ስንደርስ ግን አቅፋኝ፣ «እኔን የምትፈሪው ከእሱ በላይ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። እሷ አለቀሰች፤ የእሷ እንባ የእውነት ነው።

በትምህርት ቤታችን ተማሪ የምታማክር መምህርት አለች። እናቴ ይዛኝ ሄደች። መምህርቷ ለጥበቃዎቹ መኪናውን ነግራ ከበሩ አስከለከለችው፤ እኔን ደግሞ በየሳምንቱ ታነጋግረኛለች። ያኮረፍኳት ጓደኛዬ እስከ ማታቱ ማቆሚያ ትሸኘኛለች፣ ስለ ማታቱው ናፍቆት እያላገጠች። አሁንም የሰው ሞባይል ሲጮህ እደነግጣለሁ። ይቀንሳል ብላኛለች መምህርቷ።

ይህን የምጽፈው ወደ ካሳራኒ በሚሄድ ማታቱ ውስጥ ነው። ረዳቱን ሙዚቃውን ቀንስልኝ ብዬው እያጉረመረመ ቀነሰ። መስመሩ ከተንጋደደ ጥፋቱ የቲካ መንገድ ጉድጓድ ነው፣ እጄ ደህና ነው።